ለዋልካ ምድር የሚሆን ዊንች

ሮብ ገበያን ጨምሮ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ የተዘረጋው የምሥራቅ ጎጃም ምድር በብዙ ቦታ ገበሬው «ዋልካ» በሚለው ጥቁር የሸክላ አፈር የተሸፈነ ነው። ይህ አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጣጥቆ የሚደርቅ፣ የክረምቱ ዝናብ ሲወርድበት ግን ውኃውን ይዞ የሚያብጥና የሚለጠፍ በመሆኑ፣ ለጤፍ የተስማማውን ያህል ለመኪና ጎማ ጠላት ነው። የአፈር ተመራማሪዎች «ቨርቲሶል» የሚሉት ይኸው የአፈር ዓይነት በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል። ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ዋና መንገድ ለተጓዡ ብዙ ያቃለለ ቢሆንም፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች፣ በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ጠጠር የለበሱት ጭምር፣ ጎርፍ ጠጠሩን በወሰደበት ቦታ ሁሉ ከሥር ያለውን ዋልካ መልሰው ያወጡታል። አምቡላንሱ፣ የግብርና ባለሙያ የጫነው ፒክአፕና ማዳበሪያ አድራሹ አይሱዙ በሐምሌና በነሐሴ የሚያዙት እዚህ ላይ ነው።

ለእንዲህ ያለው ችግር ከሚቀርቡት መሣሪያዎች ዋነኛው ዊንች ነው። ዊንች ማለት በኤሌክትሪክ ሞተር፣ በመኪናው ሞተር ጉልበት ወይም በእጅ የሚሠራ፣ አንድ ጫፉ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር የታሰረን ገመድ እየሳበ የተያዘውን መኪና የሚያወጣ መጎተቻ ነው። ገዢዎች ዘወትር የሚጠይቁት «ስንት ቶን ይጎትታል?» ብለው ሲሆን፣ ሻጩም የሚመልሰው በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ያ ቁጥር እውነት የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ብቻ ስለሆነ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ከባትሪው ጀምሮ ገመዱ እስከሚታሰርበት ነገር ድረስ ያለውን ሁሉ መመዘን ያስፈልጋል።

ዋልካ መኪናን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ጭቃው በጎማው ጥርሶች መካከል ገብቶ ስለሚደድር ጎማው ልሙጥ ሆኖ በባዶው ይሽከረከራል፤ ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥርም ጎማው ከሥሩ ያለውን አፈር እየቆፈረ መኪናውን ከድጡ ወደ ማጡ ይሰደዋል። ቀጥሎ አክስሉና የመኪናው ሆድ ጭቃው ላይ ሲያርፉ፣ እርጥብ ሸክላ አየር ስለማያሳልፍ ብረቱን መጥጦ ይይዛል። የአሜሪካ ጦር የተሽከርካሪ ማውጫ መመሪያዎች ይህን ኃይል ለመገመት የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ፤ ጭቃው እስከ ጎማው ድረስ ከዋጠው መኪናውን ለማንቀሳቀስ የክብደቱን ያህል፣ እስከ ጎማው መሸፈኛ ክንፍ ከደረሰ የክብደቱን እጥፍ፣ እስከ ጋቢናው ከደረሰ ደግሞ ሦስት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ከነተሳፋሪውና ከነዕቃው 3,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ላንድ ክሩዘር እስከ ክንፉ ከተዋጠ ከ6 ቶን በላይ መሳቢያ ይሻል ማለት ነው። ቦታው ዳገት ከሆነም የዳገቱ ድርሻ ይጨመርበታል፤ 15 ዲግሪ ያዘነበለ መውጫ የመኪናውን ክብደት አንድ አራተኛ ያህል ይጨምራል።

የመኪና መያዝ የአካባቢውን ሰው የሚሰበስብ ጉዳይ ሲሆን፣ ገፍቶና ጎትቶ ለማውጣት የሚደረገው መረባረብ የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና ደህና መቆሚያ ያገኘ ጎልማሳ ያለማቋረጥ ሊስብ የሚችለው ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ፣ ሃያ ሰው ተባብሮም አንድ ቶን አይሞላም፤ እግር በሚያንሸራትት ጭቃ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለው፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውና በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው ሰባራ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪጠገን ድረስ፣ መንገደኛው በገመድ ታስሮ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች ጉልበት ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ያ አስፈሪ ሥራ ሊሳካ የቻለው ተጎታቹ አንድ ሰው፣ የጎታቾቹም መቆሚያ ድንጋይ ስለነበረ ነው፤ ሦስት ቶን ብረት ከዋልካ ለማውጣት ግን የክንድ ብዛት አይበቃም።

በአምራቾችና በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው የምርጫ መነሻ፣ የዊንቹ አቅም ከመኪናው ሙሉ ክብደት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን የሚል ነው። ሙሉ ክብደት የሚባለው ባዶው መኪና ሳይሆን ነዳጁ፣ ሰዉና ጭነቱ ተደምሮ ያለው ነው። በዚህ ስሌት 3,200 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው ላንድ ክሩዘር 4,800 ኪሎ ግራም የሚጎትት ዊንች ያስፈልገዋል። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት መጠኖች በፓውንድ የተጻፉ 9,500 እና 12,000 ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው 4,300፣ ሁለተኛው 5,440 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ብዙዎች የሚገዙት 9,500 ለሙሉ ጭነት ላንድ ክሩዘር ያንሳል፤ ለዋልካ ምድር 12,000ው ይመረጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያውቀው፣ ሻጭም የማይነግረው አንድ ነገር አለ። ዊንቹ ላይ የተጻፈው አቅም የሚገኘው ገመዱ ከሞላ ጎደል ተፈትቶ፣ በሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ የመጨረሻው አንድ ድርብ ብቻ ሲቀር ነው። ገመዱ በላይ በላዩ በተደረበ ቁጥር ከበሮው እየወፈረ ስለሚሄድ፣ የሞተሩ ጉልበት ሳይለወጥ የሚስበው ኃይል ይቀንሳል። ለምሳሌ ውፍረቱ 64 ሚሊ ሜትር በሆነ ከበሮ ላይ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ቢጠቀለል፣ በመጀመሪያው ድርብ 4,300 ኪሎ ግራም የሚስበው ዊንች በሁለተኛው ወደ 3,450፣ በሦስተኛው ወደ 2,880፣ በአራተኛው ወደ 2,470 ይወርዳል። የከበሮው ስፋት 22 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከላይ ያለው አራተኛው ድርብ ብቻውን 9 ሜትር ተኩል ያህል ገመድ ይይዛል። እንግዲህ ገመዱ የሚታሰርበት ዛፍ 8 ሜትር ላይ ቢገኝ፣ ቅርብ በመሆኑ የሚያስደስተው ያ ዛፍ ዊንቹን ከአቅሙ ግማሽ ጥቂት ከፍ ባለ ጉልበት ብቻ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ 25 ሜትር ላይ ያለው ዛፍ ግን ሙሉ አቅሙን ያወጣለታል። ገመድ ሲፈታም እስከ መጨረሻው መፍታት አይገባም፤ የብረት ገመድ ከሆነ ቢያንስ አምስት ዙር፣ የሠራሽ ክር ገመድ ከሆነ ስምንት ያህል ዙር ከበሮው ላይ ካልቀረ የገመዱ ሥር ተመዝዞ ይወጣል።

ይህን ጉድለት በትንሽ ወጪ የሚሞላው ፑሊ ነው። ጎኑ ተከፍቶ ገመድ የሚገባበት ጠንካራ ፑሊ ከዛፉ ጋር ታስሮ፣ ገመዱ በእርሱ ዞሮ ተመልሶ ከራሱ ከመኪናው ሻንሲ ጋር ሲያያዝ፣ መኪናውን የሚስበው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩና ባትሪውም ያርፋሉ። ከዚህም ሌላ ገመዱ ሁለት ጊዜ ስለሚዘረጋ ከከበሮው ላይ ብዙ ድርብ ይፈታል፤ 8 ሜትር ላይ ያለው ዛፍ አሁን 16 ሜትር ገመድ ይወስዳል። ዛፉ ላይ የሚያርፈው ጫና እንደዚሁ እጥፍ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። አንድ ገዢ ገንዘቡ ከ12,000 ዊንችና ከ9,500 ዊንች ከነፑሊው አንዱን ብቻ የሚያስመርጠው ከሆነ፣ ለዚህ ምድር ሁለተኛው እንደሚሻል ያለማወላወል መናገር ይቻላል።

ኤሌክትሪክ ዊንች የሚሠራው በባትሪ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ መካከለኛ ዊንች ሙሉ ጭነት ሲይዝ 400 አምፒርና ከዚያ በላይ ይስባል፤ የመኪናው ዲናሞ ግን በደህና ቀን 80 አምፒር ያህል ይመልሳል። ቀሪው ከባትሪው የሚወጣ ስለሆነ፣ ደከም ያለ 70 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ይወድቃል፤ መኪናው ከጭቃው ሳይወጣ ሞተሩ ከጠፋም የማስነሻ ኃይል አይቀርም። በመሆኑም ዊንች የሚገዛ ሰው ስለ ዊንቹ ከመጠየቁ በፊት ስለ ባትሪውና ስለ ዲናሞው መጠየቅ አለበት፤ ሲጎትትም ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ነዳጁን ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ስቦ ማሳረፍ ይኖርበታል። የመኪናው ኤሌክትሪክ 12 ነው ወይስ 24 ቮልት የሚለውም በቅድሚያ መረጋገጥ ያለበት ነው፤ አይሱዙዎችና አንዳንድ ላንድ ክሩዘሮች 24 ሲሆኑ፣ ሁለት ባትሪ መኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱ ባትሪዎች ጎን ለጎን ተያይዘው 12 ቮልት የሚሰጡበት መኪናም አለና።

በቀድሞዎቹ ላንድ ክሩዘሮችና ላንድ ሮቨሮች ላይ የሚታየው፣ ከካምቢዮው በዘንግ ጉልበት የሚወስደው ዊንች ባትሪ የማይጨርስና ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ነው። ሆኖም ሞተሩ ከጠፋ እርሱም ይቆማል፤ ቢቸናና ሞጣ ባሉበት 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይም ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን እንደሚያጣ ይታወቃል። መለዋወጫውም እየጠፋ ስለሆነ፣ ከመኪናው ጋር የመጣ ደህና ዊንች ያለው ይንከባከበው እንጂ አዲስ ፈልጎ መግዛት አይመከርም።

ስለ ገመድ የሚነሳው ክርክር የብረት ይሻላል ወይስ የሠራሽ ክር የሚል ነው። የሠራሽ ክር ገመድ ከብረቱ በብዙ እጥፍ ይቀላል፣ እጅ አይወጋም፣ ቢበጠስም እንደ ብረት ገመድ ተመልሶ አይጋረፍም፤ በዚህ ምክንያት ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ለሰው ሕይወት የሚሻለው እርሱ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ያደክመዋል፤ በክሮቹ መካከል የገባ ደቃቅ አሸዋና ድንጋይ ከውስጥ ይቆርጠዋል፤ ፍሬናቸው በከበሮው ውስጥ በሆነ ዊንቾች ላይም ጭነት ወደ ታች ሲለቀቅ የሚፈጠረው ሙቀት ያቀልጠዋል። የአሜሪካው ዋርን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው 8274 የተባለው ዊንች ፍሬኑ ከከበሮው ውጭ በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም፤ ዛሬ በብዛት የሚሸጡት አጫጭር ዊንቾች ግን ፍሬናቸው ውስጥ ነው። ለሮብ ገበያና ለአካባቢው መንገድ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ገመዱን ፈትቶ በንጹሕ ውኃ የሚያጥብ ሾፌር ያለው መሥሪያ ቤት የሠራሽ ክሩን ቢገዛ መልካም ነው፤ ያንን የሚያደርግ ከሌለ የብረቱ ገመድ ይበልጥ ይታገሣል። ከብረት ወደ ክር የሚለውጥ ሰው የገመዱን መውጫም አብሮ መለወጥ አለበት፤ ብረት ገመድ የቧጨራቸው ተሽከርካሪ ዘንጎች አዲሱን ክር በጥቂት ጊዜ ይበጣጥሱታልና።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው ግን የመሳቢያው አቅጣጫ ነው። ከፊት ተገጥሞ የሚሠራ ዊንች የሚስበው ወደ ፊት ብቻ ነው። በዋልካ ውስጥ ግን ጭቃው ከፊት እየባሰ ስለሚሄድ፣ መኪናው የሚድነው በአብዛኛው ወደ መጣበት፣ ጎማው ወደ ጠቀጠቀው ደረቅ ጫፍ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። በዚህ ረገድ በተለምዶ «ቲርፎር» የሚባለው የእጅ መጎተቻ ከኤሌክትሪኩ ይበልጣል። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ አምራቹ ምርት ሲሆን፣ በውስጡ ያሉ ሁለት መንጋጋዎች ዘንጉ ወዲህና ወዲያ ሲመታ ገመዱን እየተፈራረቁ ይነክሱና ይስባሉ። ገመዱ ከበሮ ላይ ስለማይጠቀለል በመጀመሪያው ሜትርና በመጨረሻው ሜትር የሚስበው ኃይል አንድ ነው፤ በፊት፣ በኋላና በጎን ሊታሰር ይችላል፤ ባትሪ አይፈልግም፤ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚሰበር ትንሽ ፒን ስላለው መሣሪያው ራሱ ይድናል። 1,600 ኪሎ ግራም የሚስበው ዓይነት በአንድ ሰው የሚያዝ ሲሆን፣ በአንድ ፑሊ ወደ 3,200 ይጠጋል፤ 3,200 የሚስበውም ከበድ ይላል እንጂ ሁለት ሰው አያቅተውም። ጉድለቱ ዘገምተኛነቱ ነው፤ በአንድ ምት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚስብ አንድን መኪና አሥር ሜትር ለማንቀሳቀስ ብዙ ላብ ይጠይቃል።

በዚህ መመዘኛ፣ በክረምት አልፎ አልፎ ለሚያዝ የመሥሪያ ቤት ወይም የነጋዴ መኪና ተቀዳሚው ግዢ ቲርፎር ከሁለት ፑሊና ከጠንካራ ማሰሪያ ቀበቶ ጋር እንጂ ርካሽ ኤሌክትሪክ ዊንች ሊሆን አይገባም። ምጥ የያዛት እናት በሌሊት የሚያመላልስ አምቡላንስ ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ ስላለው፣ ሾፌሩም ብቻውን ሊሆን ስለሚችል፣ ደህና ባትሪ ያለው 12,000 ኤሌክትሪክ ዊንችም ቲርፎርም አብረው ቢኖሩ ቅንጦት አይደለም።

ዊንች የሚታሰርበትን ነገር ማግኘት በጤፍ ምድር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሜዳው ለዓይን እስኪሰለች ድረስ ማሳ ሲሆን፣ በየደጁ ያለው ባሕር ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ በለጋነቱ የሚቆረጥ ስለሆነ አንዱ ግንድ ሦስት ቶን አይችልም፤ ሦስት አራቱን ከሥራቸው አንድ ላይ ማሰር ያስፈልጋል፤ ባለቤቱንም አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባል። ወፍራም ጥድና ወይራ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው፤ እነዚህ ዛፎች በአካባቢው ከቀሩት ነባር ደኖች የመጨረሻዎቹ በመሆናቸው፣ ብረት ገመድ በቀጥታ ጠምጥሞ ቅርፊታቸውን መላጥ የሚያሳዝን ጥፋት ነው፤ ሰፊ ቀበቶ ሳይዙ ወደ እነርሱ መቅረብ አይገባም። ዛፍ በሌለበት ቦታ ስኮርታውን መቅበር ይቻላል፤ ጎማው ቆሞ የሚገባበት አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ከመሳቢያው አቅጣጫ ጋር አግድም ይቆፈርና፣ በቸርኬው ቀዳዳ ያለፈው ማሰሪያ በጠባብ ቦይ ወደ መኪናው ይወጣል። በነሐሴ የጠገበ ዋልካ ይህን መቀበሪያ ሊለቅ ስለሚችል ከፍ ያለና ድንጋይ ያለበት ጥግ መምረጥ ያስፈልጋል። አካፋ ያልያዘ መኪና ዊንች ቢኖረውም ባዶ እጁን ነው፤ ከጎማውና ከሆዱ ሥር ያለውን ጭቃ አስቀድሞ መጥረግ የሚፈለገውን ጉልበት በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ገመዱ ሲወጠር ሕዝቡን ማራቅ የሾፌሩ ግዴታ ነው። በተለይ በገበያ ቀን ሕፃናትና መንገደኞች ከብበው ስለሚያዩ፣ ማንም ሰው ከገመዱ ርዝመት ባነሰ ርቀት እንዳይቆም፣ በተወጠረ ገመድ ላይም እንዳይራመድ መከልከል፣ በግማሽ አፈር የተሞላ ጆንያም በገመዱ ወገብ ላይ መጣል ያስፈልጋል፤ ገመዱ ቢበጠስ ጆንያው ወደ መሬት ይጎትተዋል።

ግዢውን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚሄደው በአዲስ አበባ መርካቶ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ያሉት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ናፍጣ መኪናዎች ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግሉ ስለሚፈለግ፣ ያገለገለ ዊንች መግዛትም እየተለመደ ነው። ያገለገለን ዊንች በባዶው ማዞር ምንም አያሳይም። ገመዱን እስከ መጨረሻዎቹ ዙሮች ፈትቶ የተሰነጠቀና የዛገ ከበሮ መኖሩን ማየት፣ ከዚያ ፍሬን የያዘ ሌላ መኪና በትንሽ ዳገት ላይ ስቦ መቆሚያውን ሲለቁ ከበሮው ወደ ኋላ መንሸራተት አለመንሸራተቱን ማረጋገጥ፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሣጥኑንም ከፍቶ የተቃጠለ ጠረንና አረንጓዴ ዝገት መፈለግ ያስፈልጋል። መንሸራተት ካለ ፍሬኑ አልቋል ማለት ነው፤ የዋጋ ቅናሽ አያካክሰውም።

አብዛኞቹ መካከለኛ ዊንቾች የሚታሰሩባቸው አራት ቀዳዳዎች በ254 እና በ114 ሚሊ ሜትር ርቀት የተቀመጡ በመሆናቸው የአንዱን ማስቀመጫ ለሌላው መጠቀም ይቻላል። ማስቀመጫው ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ተሠርቶ ከሁለቱም የሻንሲ ብረቶች ጋር በ8.8 ቡሎን መያያዝ አለበት፤ ከፓራውልቱ ጋር ብቻ የተበየደ ዊንች በመጀመሪያው ከባድ መሳብ ፓራውልቱን ይዞ ይሄዳል። ዊንቹና ማስቀመጫው ተደምረው ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝኑ ስለሚችሉ የፊት ስፕሪንጉ መታየት ይኖርበታል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ ገመዱ እስከ መጨረሻዎቹ ዙሮች ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሌላ መኪና በቀስታ እየተጎተተበት በውጥረት መልሶ መጠቅለል አለበት፤ ላላ ብሎ የተጠቀለለ ገመድ በሚቀጥለው ሐምሌ ጭነት ሲመጣበት በታችኞቹ ድርቦች መካከል ይሰነቀርና በመንገድ ላይ ለመፍታት ያስቸግራል።